ማር ረክሷል

ዛሬ ክፍል ውስጥ «ዲቤዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከጎኑ «ማርከስ» ብዬ እንደጨረስኩ በመስኮቱ የማር ሽታ ገባ። የሰቆጣ ገበያተኛ የሚያልፈው በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከአያቴ ጋር እዚሁ ገበያ ማር ይዘን መጣን፤ ተሽጦ የደንብ ልብስ ሊገዛልኝ ነው። አያቴ የሚያወሩት ኽምጣኛ ነው። አማርኛቸውን የለመዱት ቤተ ክርስቲያን ቆመው ስብከት ሲሰሙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ረከሰ ማለት ጎደፈ ማለት ብቻ ነው። አንዲት ነጋዴ ማሩን ቀመሰችና፣ «ጥሩ ነው አባባ፤ ግን ዘንድሮ ማር ረክሷል» አለቻቸው።

አያቴ ደነገጡ። «ምን ነክቶት? ለጧፍ የሰጠሁት ሰም እኮ ከዚሁ ቀፎ የወጣ ነው!»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሳቸው የባልዲውን ክዳን ገጥመው ተነሡ።

መንገድ ላይ፣ «አባባ፣ ዋጋው ወርዷል ማለቷ እኮ ነው» አልኳቸው። ባልዲውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ብዙ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ።

«ንጹሕ ነገር ሲጎድፍም፣ ዋጋ ሲወርድም፣ አማርኛ ያለው ያው አንድ ቃል ነው?»

ወደ ገበያው አልተመለስንም፤ ዓመቱንም በአሮጌው ልብሴ ተማርኩ።

«ቲቸር፣» አለች አሁን ከፊት የተቀመጠች ተማሪ፣ «ማርከስ ማጉደፍ ነው ወይስ ዋጋ መቀነስ?»

«እንደ ሰሚው ነው» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ ይህንኑ ደብተሯ ላይ ጻፈች።