ከዚሩ ሥር የተረፈችው ቲማቲም

አባቴ ሰሊጥና ማሽላ በትራክተር የሚያርሱ ሰው ናቸው። ስለ እርሻቸው ሲያወሩ እጃቸውን ወደ ሱዳን ይዘረጉታል፤ ድንበር ባይኖር የሚመልሱት አይመስለኝም። እንግዲህ በእኒህ ሰው ግቢ ነው እኔ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ቲማቲምና በሶብላ መዝራት የጀመርኩት።

ቦታዬ የራኩባው ጥግ ነበረች፤ የሣር ዳሱ ማለቴ ነው። እዚያ ዚራችን ተቀምጧል፣ የመጠጥ ውኃ የምናቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን። የመተማ ሙቀት ሰውን ብቻ ሳይሆን ዚሩንም ያልበዋል፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያ ሁሉ ላብ መሬት ጠጥቶት ሲቀር አንጀቴን በላው። የበሰበሰ ቲማቲም ጨመቅሁ፣ ፍሬውን ጨርቅ ላይ አደረቅሁ፣ በሰኔ ዘራሁ። የበሶብላውን ዘር እናቴ ሰጠችኝ።

ብቅ ሲሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ክፍል ተሳስተው የገቡ አዲስ ተማሪዎች ይመስላሉ። እኔ ግን ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ጠዋት ፀሐይ አሞቃቸዋለሁ፣ ረፋድ ላይ ወደ ጥላው እመልሳቸዋለሁ።

አባቴ ከእርሻ ሲመለሱ ጀሪካኖቹ ላይ ቆሙ።

«ስንት ሄክታር ነው?» አሉ። «ትራክተሩን ልላክልሽ?»

«ልጅቱን ተዋት እንጂ!» አለች እናቴ።

«ልተዋት። ግን እስከ መስቀል ካላፈራ ጥጉን ትለቃለች። የሰሊጡ ጆንያና የትራክተሩ ጎማ እኔ ራስ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

ጎማውን በዚያው ቀን አምጥተው ከጥጌ ጎን አስደገፉት። ወራሽ ሬሳ ሳይወጣ እንደሚመጣው ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ቲማቲሞቹ አበቡ። አባቴም መሳቅ ተዉ። ማንም ያላያቸው ሲመስላቸው ጎንበስ ብለው ቅጠል ይገለብጣሉ። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስመለስ የመድኃኒት መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ ጀሪካኖቼ ፊት ቆመዋል። ጦርነት የወጡ ነው የሚመስሉት።

«ትል ይዞት ነበር፤ ረጨሁልሽ! ከእንግዲህ አንድ ትል አታገኝም።»

እውነታቸውን ነው፤ ትል አላገኘሁም። ትሉ ምን ሊበላ ይመጣል? በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ግንዱ ተጠማዘዘ፣ አበባው ረገፈ።

«አባዬ፣ መርጫው ከዚያ በፊት ምን ይዞ ነበር?»

«የማሽላውን… የአረም መድኃኒት።»

«አጥበውታል?»

«አለቅልቄዋለሁ!»

እኒሁ አባቴ እኮ ናቸው፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ይሄ መድኃኒት ማሽላን አይነካም፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ነው የሚገድል» እያሉ ሲያስተምሩ የሚውሉት።

«አባዬ፣ የቲማቲም ቅጠል ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። አባቴ ደመናውን አዩ።

«ዘሩ ነው» አሉ። «ከበሰበሰ ቲማቲም ምን ትጠብቂያለሽ?»

ከዚሩ ሥር ያለችው ጀሪካን ግን ደህና ነበረች፤ አንዲት ቲማቲምና አንዲት በሶብላ ነበሩባት። የምንጠጣው ውኃ ነው ብለው እሷ አጠገብ አልረጩም። ለሆዳቸው ሲጠነቀቁ ሳያስቡት ቲማቲሜን አዳኑልኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂ ሆንኩ፤ ዶሮ አላስጠጋም፣ አባትም አላስጠጋም። ከእርሻ ሲደውሉ ስለ ዝናቡ ይጠይቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺስ?» ይላሉ። «ማን?» እላለሁ፣ አውቄ። ስልኩ ይዘጋል።

ለመስቀል ዋዜማ አንዷ ፍሬ ቀላች። ሌሎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው።

«አንድ ቲማቲም ምርት ይባላል?» አሉ አባቴ።

«ካላፈራ ነው ያሉት፤ ስንት ያፍራ አላሉም።»

እናቴ ከቃሪያ ጋር ከትፋ፣ የተረፈችውን በሶብላ ጣል አድርጋ አቀረበችው። አባቴ ማንንም ሳይጠብቁ ጎረሱ፤ ሳህኑንም በእንጀራ ጠረጉት። ከዚያ ተነሡና ጎማውን እያንከባለሉ ከራኩባው አወጡት።

«ጎማ ፀሐይ አይፈራም» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ቀጥሎ ባምያ ዝሪ። በመስመር።»

«እዘራለሁ። መርጫውም ከጎማው ጋር ይውጣ።»

ጎማውን አጋደሙት። ከዚያ ተመልሰው መርጫውን ከተሰቀለበት አወረዱት።