ዳዊት ልባስ ውስጥ ያለችው ገረድ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት መጽሐፏን መስቀል የተጠለፈበት የዳዊት ልባስ አልብሳዋለች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነብ ያያት ሁሉ ጸሎት ላይ ናት ይላል። እኔ ግን አንገቴን አስግጌ ገጹን አየሁባት። ጋኔን ባጃጅ እየነዳ ሰው ይሰርቃል!

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። በፊተኛው ቅጽ አንድ ደብተራ በከተማ መሀል ጋኔን ሲያሳድድ ገረዱ ፋኖስ ትይዝለት ነበር። ገበያው ሲደራለት ደራሲው ለፋኖስ ያዢዋም ለብቻዋ ይህን መጽሐፍ ጻፈላት። ነገ ደግሞ ለፋኖሱ ይጽፍለታል።

ስልኳ ጮኸ። «እሺ እትዬ፣ ደርሻለሁ። ሽንኩርቱን አይንኩት፣ እኔው መጥቼ እከትፈዋለሁ» አለች። ጣቶቿን አየኋቸው፤ ጫፋቸው ጠቁሯል። እንዲህ ዓይነቷ ሴት የሰው ሠርግ ላይ ጓዳ ውላ ሙሽሪትን እንኳ ሳታይ ትመለሳለች። ታዲያ ማንበብ ካማራት ምናለ የረባ ነገር ብታነብ?

ማንኩሳ ላይ የተሳፈሩ ሽማግሌ ልባሱን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልሳለመው ልጄ።»

ዓይኗን ሳታሽ ዘረጋችላቸው። ተሳልመው ግንባራቸውን አስነኩት።

«የማን ገድል ነው?»

እንዴት እንደምትዋሽ ልሰማ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«የአንዲት ገረድ ነው አባቴ። ስሟን የሚጠራ የላትም።»

«በረከቷ ይደርብን» ብለው ደግመው ተሳለሙ።

ሚኒባሱ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔም፣ ሳልወድ።