መጋዘኑ ሲሞላ ዋይፋዩ ሲጠፋ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለደብረ ሲና ሰው አይመችም። ወርጄ አንድ የማሾ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ስሆን መጀመሪያ የጠየቅሁት ማራገቢያ ነበር። አሠሪዬ ሀጂ ማራገቢያውን ትተው የዋይፋይ አዳፕተር አመጡልኝ። ፍላሽ የምታክል፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ኔትወርክ የምትስብ ዕቃ ናት። የስልክ ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ከአዲስ አበባ ገዢዎች ጋር የምንጻጻፈው በሷ ብቻ ነበር።

ዋይፋዩ ያለው ከፊት፣ ሀጂ ከሚቀመጡበት ሱቅ ነው። የኔ ጠረጴዛ ከጀርባ ነው፤ መሃላችን መጋዘኑ አለ። ሱቁ በር ላይ ማሾ ስለሚበጠር ኮምፒውተር ወደዚያ ዝር አይልም፤ የቀድሞውን አቧራው ገድሎታል። ክረምቱን መጋዘኑ ባዶ ነበርና ኔትወርኩ ይበር ነበር፤ የምንልከው ነገር ግን አልነበረንም። ምርቱ ገብቶ ጆንያው ቆርቆሮው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ኔትወርኩ ድርግም አለ። ለካ ማሾ ዋይፋይ ይበላል!

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ገዢ፣ ዋጋችሁን እስከ ቀትር በኢሜይል ላኩልኝ፣ ካልሆነ ከካራቆሬ ነጋዴዎች እገዛለሁ አለ። ሀጂ ወደኔ መጡ።

"ዛሬ ካልሄደልኝ ኮምፒውተሩን እሸጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ ብርድሽ ትመለሻለሽ።"

እናቴን የማሳክማት በዚያ ሥራ ነበር።

"አንድ መስመር ጆንያ አንስተን መንገድ እንክፈትለት" አልኳቸው።

"ጫኝና አውራጆቹ ቀብር ሄደዋል።"

"እኛው እናንሳዋ!"

"አስተግፊሩላህ በይ!" አሉኝ፣ ክርስቲያን መሆኔን ረስተው። እኛ ዘንድ ጆንያ የሚነካ ተራው የደረሰ ጫኝ ብቻ ነው። ባለቤቱ እንኳ የገዛ ማሾውን ካነሳ ጠብ ነው። ለዚያውም ቀብር ላይ ያለ ሰው ሥራ መንጠቅ!

ላዩ ላይ መውጣት ግን ማንሳት አይደለም። የዋጋውን ኢሜይል ጽፌ፣ አዳፕተሯን በማራዘሚያ ገመድ ቀጥዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው አናቴ ላይ ይነዳል። በደረቴ ተኝቼ አዳፕተሯን ወደ ሱቁ በኩል ዘረጋኋት። ታች ኮምፒውተሩ ፊት የቀሩት ሀጂ ናቸው፤ በሕይወታቸው ማውስ ነክተው አያውቁም።

"ሀጂ፣ መላኪያዋን፣ ሰማያዊዋን ይጫኑልኝ!"

"ሁሉም ሰማያዊ ነው!"

"ከታች ያለችውን!"

"ቢስሚላሂ" ሲሉ ሰማሁ። "ወይኔ፣ ወረቀቱ ጠፋ!"

"ከጠፋማ ሄዷል!" አልኩ፤ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ገዢው ማሾውን ወሰደ። ሀጂ ኮምፒውተሩን አልሸጡም፤ ትሄጃለሽም ትቀሪያለሽም ግን አላሉኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም። በየማለዳው፣ ዛሬ ያሰናብቱኛል እያልኩ እገባ ነበር።

ሌላ ጭነት ሲመጣ ጫኞቹ መደርደር ጀመሩ። ሀጂ መጋዘኑ መሃል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"እዚህ ጋ እንዳትደረድሩ፤ ከሱቁ እስከ ልጅቷ ድረስ ክፍት ይሁን።"

የጫኞቹ አለቃ ተናደደ። "ሀጂ፣ ይሄ እኮ የስንት ጆንያ ቦታ ነው! እሷን ያንሷትና እንሙላው።"

"እሷ አትነሳም" አሉ ሀጂ፣ ወደኔ ሳያዩ። "የተረፈውን ማሾ ውጭ ደርድሩት።"