ከፉሪ ያወጣነው መስተዋት ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ጋር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ሱቅ ገባን። መደርደሪያው ላይ እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ ጫፋቸው የሾለ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ሻጯ «ኳርትዝ ነው እማማ፣ ከውጭ የመጣ። ቤት ውስጥ ሲቀመጥ መንፈስ ያረጋጋል» አለችኝ። የኔን መንፈስ ግን አላረጋጋውም፤ ደሜን ነው ያፈላው።

እንዲህ ያለውን ድንጋይ እኔና ጓደኛዬ ጫልቱ ከፉሪ ተራራ ግርጌ ቆፍረን እናወጣ ነበር። «መስተዋት ድንጋይ» ነበር የምንለው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሁለታችንም ኮረዶች ነበርን። እኔ ከመካኒሳ ጭቃውን እያቦካሁ እሄዳለሁ፤ እሷ የባቄላ እሸት በነጠላዋ ቋጥራ ትጠብቀኛለች። ክረምቱ እንደወጣ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ለዶማ አያስቸግርም። እሸቱን እየፈለፈልን፣ ማን ማንን እንዳገባ እያወራን ስንቆፍር ቀኑ ሳናውቀው ይሄዳል። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ጥፍር የምታህል ስባሪ ነበር።

አንድ ቀን ጫልቱ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳጎነበሰች «ኮቱ! ኧረ ነይ ቶሎ!» ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ጠራችኝ። ዶማውን ጥለን በእጃችን ጫርን። የወጣው የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ዙሪያውን ሾጣጣ መስተዋት የበቀለበት ድንጋይ ነበር። ምንጭ ወስደን አጠብነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ጫልቱ እንባዋ መጣ።

«ለአባ ነው የማሳየው። ቤታችን ይቀመጣል» አለች።

አባቷ ኦቦ ገመዳ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ድንጋዩን ምሰሶው ሥር አስቀመጡት፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየው። ወሬው ባለመሬቷ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «እሜቴ» ነበር የምንላቸው። መጡና፣ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ «ከመሬቴ የወጣ የኔ ነው» ብለው አሽከራቸውን አዘዙ።

ጫልቱ በሩ ላይ ቆመች። «እሜቴ፣ በየዓመቱ ከማሳው ድንጋይ ስንለቅም ወገባችን ሲቆረጥ፣ ያኔ ድንጋዩ የማን ነበር?»

እሜቴ ወደ አባቷ ዞሩ። «ገመዳ፣ ልጅህን አልቀጣሃትም። አዝመራህን ሰብስብና ሌላ መሬት ፈልግ።»

ኦቦ ገመዳ በቅሎዋ እግር ሥር ተደፉ። «ልጅ ናት እሜቴ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስለ እግዜር ይማሩኝ!»

ጫልቱ ክንዳቸውን እየጎተተች «አባ፣ ተነስ! ተነስ እንጂ!» ትላለች። አልተነሡም። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እሜቴ እስኪበቃቸው ድረስ ቁልቁል አዩዋቸውና «እሺ፣ ለዛሬ ምሬሃለሁ» ብለው ሄዱ። አሽከራቸውም ድንጋዩን ታቅፎ ተከተላቸው።

በማግስቱ ጉድጓዱን ደፈንነው። ጫልቱ ላዩን በእግሯ ደጋግማ ረገጠችና «ከእንግዲህ ከእጄ አንድም አያገኙም» አለች። ያቺን ዶማ ለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣናትም።

ይህን ሳወራ ልጆቼ «ያለፈ ነገር ነው እኮ እማዬ፣ ለድንጋይ ይሄን ያህል?» ይሉኛል። ለድንጋዩማ እኔም ግድ የለኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ያ ሽበታም ሰው ልጁ እያየችው፣ ላላጠፋው ጥፋት መሬት መሳሙ ነው። እሜቴ በሰላም አርጅተው በክብር ተቀበሩ። ኦቦ ገመዳን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም።