ሲቀዘቅዝ የተመለሰው ፍሬን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶ መካኒክ ተመርቄ፣ አዲስ ቱታ አሰፍቼ፣ ቦንጋ ከተማ መውጫ ላይ ካለው የጋሽ ወልደማርያም ጋራዥ በጠዋት ደረስኩ። ጋሽ ወልደማርያም ባለቤትም ዋና መካኒክም ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና አንድ ፒካፕ አሳዩኝ።

«ግቢና ፍሬን ርገጪ» አሉኝ።

እሳቸው ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው «ርገጪ፤ ያዢ፤ ልቀቂ» ሲሉኝ፣ እኔም ስረግጥና ስለቅ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሌሎቹ መካኒኮች በአጠገቤ ሲያልፉ ይስቃሉ። ሴት ስለሆንኩ ያስቀመጡኝ መስሎኝ ከፋኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ወልደማርያም እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ፔዳሉ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም። እግሬ ግን ደክሟል።»

«እንግዲያው ነገም ትረግጫለሽ።»

በአራተኛው ቀን ገባኝ። የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ካለ ፔዳሉ ልክ እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል። አየሩ ሲወጣ ይጠነክራል፣ ገና ከላይ ይይዛል። ይህንን ስነግራቸው አሥር ቁጥር ቁልፍ አውጥተው አቀበሉኝ። ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ያደግኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ እንደ ሞተር ዘይት ለማለስለስ የሚገባ አይደለም። እግራችን ፔዳሉ ላይ ያሳረፈውን ጉልበት በቀጭን ቱቦ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። ክፉ ጠባዩ እርጥበት መምጠጡ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ክረምት የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ምንም አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል።

ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። የምነግራችሁ እያወቅኩ ስላላደረግኩት ነገር ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መምህር ደምሴ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው መጥተው ቦንጋ የቀሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የከተማችን ልጅ ናቸው፤ ዞን መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። አሮጌ ነጭ የቤት መኪና አላቸው። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ መምህር ሞተር ሳያጠፉ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«እታገኝ፣ ነገ ጅማ አራስ ልንጠይቅ ነው። ዘይትና ውሃውን ብቻ እዪልኝ።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሬን ዘይቱ ዕቃው ላይ ካለው የመጠን ምልክት በታች ወርዷል፤ መልኩም ማር መምሰል ሲገባው የከረመ ሻይ መስሏል።

«መምህር፣ ይሄ መቀየር አለበት። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«አሁን ፈተና አለብኝ። ስመለስ አመጣዋለሁ፤ ለዛሬ ሙይልኝ።»

ሞላሁላቸው። «በሰላም ግቡ» ብዬ ሸኘኋቸው። ሊፈላ እንደሚችል አልነገርኳቸውም። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ አላልኩም። ሌላ መኪና እየጠበቀኝ ነበር፣ ደንበኛን መጨቅጨቅም አልወድም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ፍሬን አጣሁ» አሉ መምህር። «ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነን። አስቴር ተጎድታለች።»

ከጋሽ ወልደማርያም ጋር በፒካፑ በረርን። መኪናው በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ቦይ ገብቶ፣ አፍንጫውን አፈሩ ላይ ተክሎ አገኘነው። መምህር ማርሽ ቀንሰው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ አልቆም ሲላቸው ሆን ብለው ወደ ተራራው ነድተውታል። እትዬ አስቴር ግራ ክንዳቸውን በነጠላ አስረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የመምህርን ወንበር ይዞ ፔዳሉን ይረግጣል። «ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ነው! ምንም አልሆነም!» እያለ ለተሰበሰበው ሰው ይናገራል። በቦታው የደረሰ የትራፊክ ፖሊስ ሳጅንም ገብቶ ሞከረው። ያዘለት።

«መምህር፣ ደንግጠው ነው» አላቸው ሳጅኑ በትሕትና። «ነዳጅ ረግጠው ይሆናል። ያጋጥማል።»

እትዬ አስቴር ባላቸውን ቀና ብለው አዩ። «ደምሴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ፍሬን ነው የረገጥከው?»

«ፍሬን ነው አስቴር። ወለሉ ድረስ ገባ።»

«ታዲያ አሁን እንዴት ያዘ?»

መምህር እግራቸውን አዩ። «ፍሬን የረገጥኩ መሰለኝ» አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ። ሃያ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የቆመ ሰው በገዛ እግሩ ላይ እምነት ሲያጣ አየሁ።

የፊት ጎማው አጠገብ ተንበረከክኩ። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ የተቃጠለበት ሽታ ገና አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዘይቱ ፈልቷል፣ መኪናው ሲቆም ቀዝቅዟል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗል፣ ፔዳሉም ተመልሷል። ዝም ብል ነገሩ የደነገጠ ሾፌር ተብሎ ይዘጋል። ጋራዡን የሚያነሳ የለም፣ እኔንም የሚያነሳ የለም። ጋሽ ወልደማርያምን አየኋቸው። እሳቸው የዘይቱን ዕቃ እያዩ ነበር። ገብቷቸዋል።

«ሳጅን» አልኩ ብድግ ብዬ፣ «መምህር እውነታቸውን ነው። ፍሬኑ ጠፍቶ ነበር። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ አርጅቷል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲግል ፈላ። አሁን ስለቀዘቀዘ ነው የሚይዘው። መጥቆሩን ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናውን መልቀቅ አልነበረብኝም።»

ሳጅኑ መዝገቡን ገለጠ።

«ይህንን ልጻፈው?» አለኝ ሳጅኑ።

«ይጻፉት።»

ጋሽ ወልደማርያም ሲናደዱ እንደሚያደርጉት በካፊኖኖ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ቀጥለው በአማርኛ፣ «የጋራዡንም ስም ጻፈው። በትክክል ጻፈው» አሉት።

መምህር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እትዬ አስቴር ተነሥተው ሄዱና ደህናውን እጃቸውን የባላቸው ትከሻ ላይ አደረጉ። «ሳላምንህ ቀረሁ» ሲሏቸው ሰማሁ። እኔ ዞር አልኩ።

እትዬ አስቴርን ሆስፒታል አድርሰን፣ ክንዳቸው በጀሶ ከታሰረ በኋላ፣ በመመለሻችን ጋሽ ወልደማርያም ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ነዱ። እንደሚያባርሩኝ ጠብቄ ነበር።

«ጥፋትሽ ትልቅ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ብትደብቂው ግን አብረን አንሠራም ነበር። ከነገ ጀምሮ ደንበኛው እምቢ ሲልሽ እኔን ትጠሪኛለሽ። እኔ እለምነዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት አለፈ። የመኪናው ፊት ተቃንቶ እንዳለቀ መምህር መጡ። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ የያዝኩትን ቁልፍ መሬት ጣልኩ።

«እታገኝ፣ አስቴር መኪናው ውስጥ አልገባም ብላለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ዘይቱን በገዛ እጄ፣ በገዛ ግቢዬ መቀየር እፈልጋለሁ። አስተምሪኝ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄድኩ። በዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ያልተከፈተ ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ገዝተዋል። የተከፈተ ጠርሙስ ካስቀመጡት እሱም እርጥበት ይጠጣልና አይታመንም። እኔ መኪና የሚያነሣ ክሪክ፣ መኪናው የሚያርፍባቸው የብረት መቆሚያዎች፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ ትልቅ ስሪንጅና ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ያዝኩ። ክሪክ ብቻውን ተማምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሰው መካኒክ አይደለም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፣ መኪናውን መቆሚያዎቹ ላይ አሳርፈን፣ ጎማዎቹን ፈትተን ጀመርን።

«ፔዳል የሚረግጥ ሰው ያስፈልገናል» አልኩ።

እትዬ አስቴር በረንዳው ላይ ነበሩ። «እኔ እረግጣለሁ» አሉ። «የተሰበረው እጄ ነው፤ እግሬ ደህና ነው።»

የቆመ መኪና መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጠው ገቡ።

መምህር አሮጌውን ዘይት ከዕቃው በስሪንጅ መጠው አዲስ ሞሉ። ከዕቃው በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀመርን፤ ከዚያ ግራ የኋላ፣ ቀኝ የፊት፣ መጨረሻ በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት ጎማ። ከየጎማው ጀርባ ባለው አየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ቱቦውን ሰካን። የቱቦውን ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተትን።

«እትዬ፣ ይርገጡና ይያዙ። መምህር፣ ሩብ ዙር ይፍቱ። ፈሳሹ ሲወጣ ያጥብቁ። አሁን እትዬ ይልቀቁ። መምህር ሳያጠብቁ እንዳይለቁ፤ አየር ይስባል።»

መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ነበር። መምህር ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህንን ይዤ ነው ቁልቁለት የወረድኩት» አሉ።

ሁለተኛው ጎማ ላይ ጨዋታ ያዝን። እትዬ አስቴር ስለ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ነገር አውርተው እየሳቅን፣ የዘይቱን ዕቃ ማየት ረሳን። ባዶ ሆነ። ቱቦው ውስጥ አረፋ ሲሮጥ አየሁና «አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። አየር ገብቷል። መምህር ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አበላሸሁት።»

«ሦስታችንም ነን። ተማሪ ስሌት ሲሳሳት ምን ይሉታል?»

«ከመጀመሪያው ጀምር እለዋለሁ።»

«እንግዲያው ይጀምሩ።»

ዕቃውን ሞልተን ወደ ቀኝ የኋላ ጎማ ተመለስን። ከዚያ በኋላ በየአምስት ርግጫው አንዳችን ተነሥተን ዕቃውን አየን። አንዴ ጠብታ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ መምህር በጨርቅ ሊጠርጉት ነበር፤ አስቁሜያቸው ውሃ አፈሰስንበት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። አሮጌውን ደግሞ ግቢው ውስጥ አልደፋነውም፤ ጋራዥ ወስጄ ከተቃጠለው ዘይት በርሜል አጠገብ ለብቻው በሚቀመጥበት ጀሪካን ጨመርኩት።

በአራተኛው ጎማ ላይ ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ አዲስ የፈሰሰ ማር መሰለ። ገና ሳልጠይቃቸው እትዬ አስቴር ከውስጥ ተጣሩ።

«አሁን ጠነከረ! ከላይ ያዘ!»

ቡሎኖቹ መጥበቃቸውን አይተን፣ ጎማዎቹን መልሰን፣ መኪናውን ከመቆሚያዎቹ አወረድን። ሞተር አስነሥተን መምህር ፔዳሉን አጥብቀው ያዙ፤ እኔ አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ። የሚያንጠባጥብ የለም። ግቢው ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነድተው አቆሙ። እንደገና ነድተው አቆሙ። ከዚያ በሩን ከፈትን። ከቤታቸው በታች አጭር ቁልቁለት አለች።

እትዬ አስቴር በሩን ተደግፈው ቆመዋል። መምህር በመስኮት አዩዋቸው፤ ግቢ አላሏቸውም።

«ቆይ» አሉ እትዬ አስቴር። መጥተው ከጎናቸው ገቡ፤ በደህናው እጃቸው ቀበቶውን ጎተቱ። «ቀስ ብለህ።»

ወረዱ። ግማሽ ላይ ቆሙ። ታች ደርሰውም ቆሙ። ዞረው ሲመለሱ እትዬ አስቴር ያለቅሱም ይስቁም ነበር።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስልክ ደወሉልኝ። «ጎጀብ ድልድይ ላይ ነን» አሉ እትዬ አስቴር። «በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድነው። ደምሴ ሰላም ይልሻል።» ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

መምህር ነገሩን ትምህርት ቤት አወሩት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሥራ አልፈታም። ከሺሺንዳ አንድ የኮረሪማ ነጋዴ፣ ከቢታ ገነት አንድ የጤና መኮንን፣ ከራሷ ከቦንጋ ብዙ መምህራን «በቤታችን አሳዪን» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ፔዳሉን የምትረግጠው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት፤ አንዳንዴም ቡሎኑን የምትፈታው እሷ ሆና ባል ይረግጣል።

ጋሽ ወልደማርያም መጀመሪያ አኮርፈው ነበር። «ሥራችንን ለሰው ታድያለሽ» አሉኝ። ነገር ግን ጎማውን ፈትቶ ያየ ሰው ያለቀ ሸራና የተሰነጠቀ ቱቦም ያያል፤ ያንን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። የፍሬን ቱቦውንና ዘይቱን የሚገፋውን ሲሊንደር ቤት ውስጥ እንዳይነኩ ለሁሉም እነግራለሁ። ዛሬ ጋሽ ወልደማርያም ጡረታ ወጥተዋል። ዋና መካኒክ እኔ ነኝ። ሁለት ሴቶች መካኒኮችም አብረውኝ ይሠራሉ።

ለእነሱም ለእናንተም የምለው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት መኪናው ባይሄድም ያረጃል፤ በእኛ አየር ከሁለት ዓመት አታሳልፉት። ጠቁሮ ካገኛችሁት ለባለቤቱ «ይቀየር» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ካልተቀየረ ምን እንደሚደርስበት በግልጽ ንገሩት። ሳትነግሩት ከሄደና አደጋ ከደረሰ፣ ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን ማንም ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ።