ትርጉሙ አይታወቅም

ሰፈሩ «ቀዥቃዣዋ» ይላታል። ቁጭ ብላ የምትታየው የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን እግሯ አያርፍም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ጋውን ሰፍታለች። «ማሰሪያውን ከኋላ የሚያደርጉት በሽተኛው እንዳያመልጥ ነው» እያለች ሰውን ታስቃለች።

ያን ሰሞን ግን ሳቋ ጠፋ። እናታቸውን የወሰደው የጡት ካንሰር ልጆቿንም ይከተል እንደሆነ ለማወቅ ታናሽ እህቷ የዘረ መል ምርመራ አድርጋ ነበር። የመጣው ደብዳቤ «ለውጥ ተገኝቷል፤ ትርጉሙ አይታወቅም» ይላል።

«እንዴት ነው የማይታወቀው?» አለች ቀዥቃዣዋ፣ ሐኪሟ ፊት ቆማ። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

«የምናስተያየው ከሌሎች ሰዎች ደም ጋር ነው፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ። «የዘረ መል መዝገቡ የተሞላው በነጮች ነው፤ እንደ እኛ ጥቁር የሆነ በጣት ይቆጠራል። የዛሬ ስድስት ዓመት ለመዝገቡ ደም ልንሰበስብ እናንተ ሰፈር መጥተን ነበር። አንድም ሰው አልሰጠንም።»

ያኔ ቤት ለቤት ዞራ «እንዳትሰጡ!» ያለችው ቀዥቃዣዋ ራሷ ናት። ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቷ ወጣት ሳለች ተመራማሪዎች «ለደም ግፊት ጥናት ነው» ብለው የሰፈሩን ሰው ደም ወሰዱና፣ «እነዚህ ሰዎች ጠበኝነት በዘራቸው አለ» ብለው ጋዜጣ ላይ አወጡ። አባቷ ከጥበቃ ሥራው የተባረረው በዚያ ወሬ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ማንም አልፈረደባትም። አሁን ግን ራሷ በራሷ ላይ ፈረደች።

እህቷ የለውጡ ትርጉም እስኪታወቅ አልጠበቀችም። «እያሰብኩ ማደር ሰለቸኝ፤ ጡቴ ይቆረጥ» አለች።

ቀዥቃዣዋ አሁን «ደም ስጡ» ልትል ያንኑ በር ሁሉ እንደገና ልታንኳኳ ወጣች። መጀመሪያ የገባችው ፀጉር ሠሪዋ ቤት ነው።

«ደማችሁን የወሰደ ስማችሁን ያጠፋል ያልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

«ነኝ። አሁን ግን ሳያስፈቅዱን ለሌላ ጥናት እንዳያውሉት ሆስፒታሉን በወረቀት አስፈርሜያለሁ።»

«ያኔም ወረቀት ነበራቸው።»

«እህቴ ጡቷን ልትቆረጥ ነው። ምናልባትም በከንቱ።»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ «እስቲ ላስብበት» አለች። የቀሩት በሮችም ከዚህ የተሻለ አልመለሱላትም።

በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ራሷ የሰፋችውን ጋውን ለእህቷ አለበሰቻት።

«የኔ ከፊት ነው እንዴ የሚታሰረው?» አለች እህቷ።

«ማምለጥ ካማረሽ እንዲመችሽ።»

እህቷ እየሳቀች በተሽከርካሪው አልጋ ተወሰደች። ቀዥቃዣዋ ኮሪደሩን አራት ጊዜ ከተመላለሰች በኋላ ለጥናቱ ደም ወደሚሰጥበት ክፍል ወረደች። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነበር።

«ውጤቱ ለእህትዎ አይደርስም እኮ» አለቻት ነርሷ ክንዷን እያሰረች።

«አውቃለሁ» አለች፣ እግሯ መሬቱን እየደበደበ። «ሴት ልጅ አለቻት።»