ሳፊያና የመንግሥታቱ ኩርፊያ

በእኛ ሰፈር በሆጤ ስለ ኦጋዴን ከካድሬው የበለጠ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር ሳፊያ ነበረች። ለአብዮቱ ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ለባሏ ብላ ነው።

እንድሪስ በአሰብ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ጂዳ የገባው ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ነበር። ወዲያው ሶማሊያ ወረረች፤ ዐረቦቹ ለሶማሊያ አገዙ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ሩሲያን ጠሩ። አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር ከአሰብ ሲመለስ የእንድሪስን ቃል አደረሰላት፦ «መንገዱ ተዘግቷል። መንግሥታችንና ሶማሊያ ሲታረቁ እመጣለሁ።»

በቃ፣ ሳፊያ ራዲዮ ገዛች። ሴቱ ስለ በርበሬ ሲያወራ እሷ ስለ ሞቃዲሾ ታወራለች። እኛም ስሟን ትተን «ውጭ ጉዳይ» አልናት።

«ውጭ ጉዳይ፣ ዛሬስ ምን አሉ?» ትላታለች ጎረቤቷ ሸዋረጋ ባጥር ማዶ።

«እንደተኮራረፉ ናቸው።»

«ያንቺው ሰውዬ ያለው ጂዳ አይደል እንዴ? ሶማሊያ ምን ቤት ናት?»

«አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም።»

ወዳጃ ላይ፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ ዱዓ ሲደረግ፣ ሌላው ዝናብና ልጅ ያስለምናል። እሷ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ፊት ተንበርክካ፣ «አባቴ፣ አዲስ አበባና ሞቃዲሾ እንዲታረቁ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለች።

ሼሁ ጺማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሆጤ ባልና ሚስት ማስታረቅ አቅቶኛል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን መዳፎቿን እንደዘረጋች ናት። ሳቁ ሲያልቅ ሼሁ ዱዓውን አደረጉላት፤ እኛም አፍረን አሚን አልን።

ዱዓው መድረሱስ ደረሰ፤ ስንት ዘመን ቆይቶ። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሁለቱ መንግሥታት መፈራረማቸውን ራዲዮው ተናገረ። ሳፊያ እልልታዋን አቀለጠችው። ቤቷን ለቀለቀች፤ ፀጉሯን ተሠራች፤ ለእንድሪስ አዲስ ሽርጥ ገዛች። ከዚያ የአሰብ መኪና በመጣ ቁጥር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ትቆማለች።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ያንን ሾፌር አገኘችው፤ ሸብቷል።

«እንድሪስን አላየኸውም?»

«ደህና ነው አሉ» አላት፣ ጎማውን እያየ።

«መንገዱ ተከፍቷል ብለህ ንገረው።»

«ያውቃል፣ እትዬ።»

በማግስቱ ሸዋረጋ አጥሩ ጋ መጣች። ሳፊያ ራዲዮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልፉን ታዞራለች።

«ሳፊያ» አለቻት። በስሟ ከጠራቻት ስንት ጊዜዋ! «ምን አሉ?»

ሳፊያ ቀና አላለችም።

«ቆይ እስቲ፤ ሳውዲና ሩሲያ እኮ ገና አልታረቁም።»